ወንድሜ በእኔ ፋንታ የመለሰው ጥያቄ

ሹፌር ጤነኛ መሆኑን የሚያውቀው ሲሰድቡት ነው። መገናኛ ተራ ስንጠብቅ እርስ በርሳችን የምንባባለው ነገር ቤተሰብ ፊት የሚደገም አልነበረም፤ በተለይ ታደሰ የሚባለው የሥራ ጓደኛዬ አፉ ምላጭ ነበር። ይኸው ታደሰ አንድ ቀን ጠዋት የሚኒባሴን መስኮት ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንድሪስዬ፣ እንዴት አደርክ ወንድሜ? ዛሬ ብርድ ነው፣ ወገብህ ላይ የሆነ ነገር ጣል አድርግ» ሲለኝ ሞተሩን አጠፋሁ። ታደሰ እኔን «ወንድሜ» ካለኝ የያዘኝ ነገር ኪንታሮት አይደለም ማለት ነው።

ይህ የደረሰብኝ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ አራት ነበር። ከቦሌ መገናኛ በሚመላለስ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ላይ እሠራለሁ፤ መኪናው የታላቅ ወንድሜ የየሱፍ ነው። ስለ የሱፍ ትንሽ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባችሁም።

የሱፍ በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። እናትና አባታችን ወሎ ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እኔ አፌን በቅጡ ያልፈታሁ ሕፃን ነበርኩ። እሱ አዝሎኝ አዲስ አበባ ገባ። ተላላኪ ሆነ፣ ሱቅ በደረቴ ይዞ ዞረ፣ በመጨረሻም ቦሌ ሚካኤል የራሱን ሱቅ ከፈተ። እኔን አሳድጎ፣ መንጃ ፈቃድ አስወጥቶ፣ ዘሃራን ድሮልኝ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ሰርቪስ ክፍል ሰጠን። «ጋሼ» ነው የምለው። አራት ልጆች አሉት፤ ትንሿ የጫማዋን ክር የምታሳስረው ከአባቷ ይልቅ እኔ ጋ መጥታ ነው። እኔና ዘሃራ ግን ከተጋባን ሦስት ዓመት ሲሆነን የራሳችን ልጅ አልነበረንም። አንድ ጊዜ ፀንሳ ወርዶባታል። ከዚያ ወዲህ በየወሩ እንጠብቃለን። ስለሱ አናወራም፣ ግን ሁለታችንም እንጠብቃለን።

ደም ማየት የጀመርኩት በክረምት ነው። አልደነገጥኩም። የሚኒባስ ሞተር ያለው ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ነው፤ ሲግል እንደ ምድጃ ይጠብሳል። ስለዚህ በእኛ ተራ ከመቀመጫው የሚደማ ሹፌር ሁሉ ኪንታሮት ነው የሚባለው፤ መድኃኒቱም መሐሉ ክብ ሆኖ የተቀደደ ስፖንጅ ላይ መቀመጥ ነው። እኔም ስፖንጄን ቀድጄ ተቀመጥኩ። የሚቀባ ነገር ያመጡልኝም ነበሩ፣ ቀባሁ። ዓመት ሊሞላ ሲል ሱሪዬ በቀበቶ እንኳን አልቆም አለኝ። የሱፍ አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ ስራመድ አየኝና ሱቁን ዘጋ። በቀን ሱቁን ሲዘጋ ያን ጊዜ ገና ማየቴ ነው። «ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለኝ።

ሐኪሙ፣ ዶክተር መላኩ፣ በቅርቡ ከውጭ ትምህርት የተመለሱ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ጓንት አድርገው በጣታቸው መረመሩኝ። እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ዝንቤን እሽ የማላስብል ወንድ ነኝ ብሎ የሚኮራ ሰው ካለ ግን እዚያ አልጋ ላይ ይተኛና እናየዋለን። ከዚያ ናሙና ወሰዱ።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ነርሷ ብቅ ብላ፣ «የእንድሪስ ቤተሰብ አለ?» አለች። እንድሪስ ራሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። የሱፍ ተነስቶ ገባ። እኔም አልተነሳሁም፤ ያኔ ነገሩ እንደዚያ ነበር። ክፉ ወሬ ለባለቤቱ ፊት ለፊት አይነገርም። ሩቅ ላለ ዘመድ መርዶ ስንነግር እንኳ ጎረቤት ሰብስበን፣ በማለዳ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄደን ነው። ለበሽተኛ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም፤ ይሰበራል ይባላል። የሱፍ ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር። «ኪንታሮቱ ሥር ሰዷል። ትንሽ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል» አለኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በሽታው ለባለቤቱ ሲደበቅበትስ ምን ይባላል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ዘሃራ ሥጋውን በሙሉ ወደ እኔ በኩል ትገፋለች። የየሱፍ ልጆች ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ ይንሾካሾካሉ። ከኮምቦልቻ አንዲት አክስታችን «ለገበያ» መጣች፤ አንድም ነገር ሳትገዛ እኔን ስታይ ሰነበተች። ታደሰም ወንድሜ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል ሁሉ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም ነበር።

ለምን አልጠየቅክም ትሉኝ ይሆናል። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አንድ ጊዜ ዘሃራን «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» ብያት «ሽንኩርት ነው» አለችኝ። ፊት ለፊቷ ያለው ግን የተከተፈ ሽንኩርት ሳይሆን የታጠበ ብርጭቆ ነበር። አየሁት። ጥያቄው ከአፌ ከወጣ መልሱ ይመጣል ብዬ ምላሴን ነክሼ ከረምኩ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ቀን ሐኪም ቤት ተኛሁ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ መስኮቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በኩል ስለነበር የሚያርፈውን ሁሉ ስንቆጥር ዋልን። ከሰዓት በኋላ ዶክተር መላኩ መጡና ወንበር ስበው አልጋዬ አጠገብ ተቀመጡ። ሐኪም ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ደግ ምልክት አይደለም።

«ነገ ጠዋት የመጀመሪያው አንተ ነህ» አሉኝ። «ልጆችህ መጥተው አዩህ?»

«የትኞቹ ልጆቼ?»

«አራቱ።»

«ልጅ የለኝም ዶክተር። አግብቻለሁ፣ ልጅ ግን ገና ነው።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።  ከዚያ ተነስተው በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ። «ሕመምህ ምን እንደሆነ ነው የተነገረህ?»

«ኪንታሮት። ሥር የሰደደ ኪንታሮት።»

አዛውንቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሳቸውም ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኔ የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

«እንድሪስ፣ እኔ ነገ ሆድህን የምከፍት ሰው ነኝ» አሉ ዶክተሩ። «ዋሽቼህ ልከፍተው አልችልም። ልንገርህ?»

እንቢ ልል ፈልጌ ነበር፣ እውነቴን ነው። ወንድሜ እስኪመጣ ይቆዩኝ ልል ነበር። አንገቴ ግን በራሱ ተነቃነቀ።

«ከመቀመጫህ ትንሽ ከፍ ብሎ አንጀትህ ውስጥ እጢ አለ። እጢው ካንሰር ነው።»

ቀጥሎ የተናገሩትን አልሰማሁም። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጆሮዬ ግን የራሴን ልብ ነው የሚሰማው። በእኛ ዘመን ካንሰር ይዞት ዳነ የተባለ ሰው አላውቅም ነበር፤ ስሙ ራሱ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። ዶክተሩ ገባቸውና ጠበቁኝ። ከዚያ እጢው ወደ ሌላ ቦታ የተዛመተ እንደማይመስል፣ ቆርጠው ሊያወጡት እንደሚችሉ ደግመው ነገሩኝ። አንጀቴ እስኪጠግግ ጥቂት ወራት በሆዴ በኩል በከረጢት እንደምጸዳዳ፣ በኋላ እንደሚመለስ አስረዱኝ።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አሉ። «ልጆችህን የጠየቅኩህ ለእሱ ነው። ካንሰሩ ካለበት አንጀት ግራና ቀኝ እንደ ክር የቀጠኑ ነርቮች ያልፋሉ። ሽንትህን የሚያዙት እነሱ ናቸው። ከሚስትህ ጋር ስትሆን ወንድነትህን የሚያዙትም እነሱ ናቸው። ሰፋ አድርጎ ቶሎ ቆርጦ መውጣት ይቻላል፤ ያኔ ነርቮቹ አብረው ይሄዳሉ። አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ እየለዩ፣ እያተረፉ መቁረጥም ይቻላል። እሱ ሰዓት ይፈጃል፣ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ካንሰሩ ነርቮቹ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ላይሆንም ይችላል። ወንድምህን ልጅ አለው ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።»

«ምን አለ?»

«አራት አለው አሉኝ። ስለዚህ ስለሱ አይጨነቁ፣ ሰፋ አድርገው ይቁረጡ፣ ነፍሱን ብቻ ያትርፉልኝ አሉ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ፍርሃት በልኩ ልነግራችሁ አልችልም። ሞትን ፈርቼ ሳልጨርስ ሌላ ሞት መጣብኝ። ወደ ቤት ብመለስ እንኳ ለዘሃራ ምን ሆኜ ነው የምመለሰው? ሽንቱን የማይቆጣጠር፣ ከሚስቱ ጎን እንደ ግንድ የሚጋደም ሰው ሆኜ?

«ውጭ አገር ቢሆንስ?» አልኩ። 

«እኔ በተማርኩበት አገር ሆድ ሳይከፍቱ፣ በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው በቴሌቪዥን እያዩ መሥራት ጀምረዋል። ነርቮቹ ጎልተው ይታያሉ ይላሉ። እኛ ጋ መሣሪያው የለም። እኔ ያለኝ ዓይኔና እጄ ነው። ነርቮቹ የት እንዳሉ ግን ተምሬያለሁ፤ እፈልጋቸዋለሁ፤ አገኛቸዋለሁ ብዬ ግን አልምልልህም።»

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ። የመጠየቂያ ሰዓት ደርሶ ኖሮ የሱፍና ዘሃራ የሾርባ ፔርሙስ ይዘው ገቡ። የሱፍ ዶክተሩን ሲያይ፣ እኔን ሲያይ፣ የዶክተሩን መነጽር በእጃቸው ሲያይ ሁሉም ገባው። ፔርሙሱን የሚያስቀምጥበት አጣ።

«ጋሼ፣ ስንት ልጅ አለኝ?» አልኩት።

«አራት» አለ። አልተሸማቀቀም። «የእኔ ልጆች ያንተ አይደሉም? በእኔ ቤት የኔ ያንተ ተብሎ ያውቃል?»

«ሐኪሙ ሲጠይቁህ ስለዚያ ነው የጠየቁህ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለና ድምፁ ከፍ አለ። «ስለ ታናሽ ወንድሜ መኝታ ቤት ለባዕድ ሰው ላውራ? ምን አፍ አለኝ? እኔ የገባኝ እንደምትሞት ነው። እናትና አባቴን በእነዚህ እጆቼ ቀብሬ አንተን አዝዬ ነው የወጣሁት። የፈለጉትን ይቁረጡ! አንተ ብቻ እየተራመድክ ቤትህ ግባልኝ!» ይህን ብሎ በዶክተሩ ፊት፣ በአዛውንቱ ፊት፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። የሱፍ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ፍርሃቱ ብቻ ቀረ።

ዘሃራ የየሱፍን ዓይን ቀና ብላ አይታ የማታውቅ ሴት ነበረች። ሻሿን አስተካክላ ወደ አልጋዬ ግርጌ ቀረበች። «ጋሽ የሱፍ፣ ያባት ያህል ነዎት፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ይህ ጥያቄ ግን የእርስዎ አልነበረም።»

የሱፍ ፔርሙሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ዶክተር» አለች ቀጥላ፣ «ነፍሱ ትቅደም። ነርቩ የሚተርፍ ከሆነ ግን ቢደክምዎትም ይፈልጉልን። የማይተርፍ ከሆነም ይቁረጡት። እኔ የትም አልሄድም።» ይህን ስትል ፊቷ ደም ለብሶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር በወንዶች ፊት ከአፏ ይወጣል ብላ አስባም አታውቅም።

ዶክተር መላኩ ወደ እኔ ዞሩ። «ሁሉንም ሰማሁ። እኔ የሚያስፈልገኝ ያንተ መልስ ነው።»

አስቡት እስቲ። ዕድሜ ልኬን ሌላ ሰው የወሰነልኝ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤቴን ጋሼ፣ ሥራዬን ጋሼ፣ ሚስቴን እንኳ መጀመሪያ ያያት ጋሼ ነው። አሁን ስለ ሥጋዬ አንድ ቃል ተናገር ስባል ጥርሴ መንገጫገጭ ያዘ። ነርቩን አትርፉ ብዬ ካንሰሩ ቢቀርስ? ነርቩን ተዉት ብዬ በኋላ ኑሮው ቢመረኝስ? አንዱን ፍርሃት ስይዘው ሌላው ያመልጣል።

«ፈርቻለሁ ዶክተር» አልኩ።

«እኔም ከመግባቴ በፊት ሁልጊዜ እፈራለሁ» አሉ። «ግን መልስ።»

«እሷ እንዳለችው» አልኩ። «ካንሰሩ አይቅርብኝ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ይፈልጉልኝ።»

ጠዋት ፊቴን፣ እጄንና እግሬን ታጥቤ ውዱእ አድርጌ፣ ሰግጄ፣ በጋሪ አልጋ ተገፍቼ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ያሉት መብራቶች በላዬ ሲያልፉ የእምነት ቃሌን፣ ሸሃዳዬን፣ እያልኩ ነበር። በሩ ጋ የሱፍ እጄን ይዞ አልለቅም ብሎ ነርሷ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ነው ያስለቀቀችው። ማደንዘዣው ሲገባ የመጨረሻ ሐሳቤ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ስፖንጄ ነው። መቀመጫው ላይ ትቼው መጥቻለሁ፣ ማን ይቀመጥበት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሰው ሲፈራ አእምሮው እንዲህ ያለ ተራ ነገር ውስጥ ገብቶ ይሸሸጋል።

ስነቃ ከሰዓት በኋላው ገፍቷል። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ሆዴ እሳት ነው። እጄን ሰድጄ ከረጢቱን ነካሁት፤ ሞቃት ነበር። ሽንቴ በቱቦ ይወርዳል። ዶክተር መላኩ ዓይናቸው ቀልቶ አልጋዬ ግርጌ ቆመዋል። ዘሃራ በኋላ እንደነገረችኝ ሲገቡ የነበረው ሰው ሲወጡ አሥር ዓመት አርጅቶ ነበር።

«ካንሰሩን በሙሉ አውጥቼዋለሁ ብዬ አምናለሁ» አሉኝ። «በግራ በኩል ካሉት ነርቮች አንድም አልነካሁም። በቀኝ በኩል ካንሰሩ ተጠግቶ ስለነበር ጥቂት ወስጃለሁ። የቀሩት ይሠሩ አይሠሩ እንግዲህ ሰውነትህ ነው የሚነግረን።»

ሰውነቴ መጀመሪያ የነገረን ክፉ ነበር። ጥቂት ቀን አልፎ ነርሷ የሽንት ቱቦውን ስታወጣው ሽንቴ እንቢ አለ። ፊኛዬ ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ላብ በላብ እሆናለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ከእኔ አካል የሆነ አንድ ነገር ስጠራው አልሰማም አለኝ። ቱቦውን መልሰው ሲያስገቡት ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፤ ከሕመሙ ይልቅ የፈራሁት ነገር እንደደረሰ ስለመሰለኝ ነው። ይህ ካልሠራ ያኛውም አይሠራም ብዬ ነበርና ዘሃራ ስትመጣ የተኛሁ አስመሰልኩ።

በሁለተኛው ሙከራ የሱፍ አጠገቤ ነበር። ነርሷ ቱቦውን አውጥታ ፖፖ ሰጠችውና ሄደች። ትልቁ ነጋዴ የሱፍ፣ ሰፈሩ ሁሉ ተነስቶ የሚቀበለው ሰውዬ፣ ፖፖውን ይዞ አጠገቤ ቆመ። ጠበቅን። ምንም የለም። ሄዶ የመታጠቢያውን ቧንቧ ከፈተው፣ ውሃው ይንቆረቆር ጀመር። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ ጎንበስ አለና በጆሮዬ «ሽሽሽሽ…» ማለት ጀመረ። እናት ሕፃን ልጇን ሽንት ስታሸና እንደምትለው። እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳለኝ አላህ ነው የሚያውቀው።

«ጋሼ፣ ተው እባክህ፣ ሰው ይሰማል» አልኩት።

«ዝም በል! ሽሽሽሽ…»

ሳቄ መጣ። ስስቅ ስፌቱ አመመኝ፣ ሲያመኝ አቃሰትኩ፣ በዚያው መሐል ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ቀጭን ሆኖ ወረደ። የሱፍ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ክፍሉን አናጋው። አዛውንቱ ብድግ ብለው «ምን ተገኘ?» አሉ። «ሽንት!» አላቸው የሱፍ፣ ሎተሪ የደረሰው ሰው እንደሚመልሰው። እኔ ግን እየሳቅኩም የፈራሁትን አልረሳሁም። አንደኛው በር ተከፈተ፤ ሁለተኛው ገና ነው።

ከረጢቱን ወራት ተሸክሜው ኖርኩ። የሱፍ ሼኹን ጠይቆ እንዲህ ሆኜም መስገድ እንደምችል አረጋገጠልኝ። በኋላ አንጀቴ ተመለሰ፤ ከዚያ ደግሞ የመጸዳጃ ቤት ስደት መጣ። አንጀት ሲያጥር ማቆየት ያቅተዋል። ከቦሌ መገናኛ ባለው መንገድ የትኛው ካፌ ቁልፍ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ሆቴል ዘበኛ ደግ እንደሆነ በቃሌ ያዝኩ። ተሳፋሪ ጭኜ ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር ላይ መኪናውን አቁሜ የሮጥኩበት ቀን አለ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሹፌሩ አበደ ብሎ ወረደ። ታደሰ ይህን ሰምቶ ስድቡን ቀጠለ። እግዜር ይስጠው፣ ያኔ ነው የምድን የመሰለኝ።

በቤታችን ውስጥ ግን ዝምታ ነበር። ወር ወርን ወለደ፣ እኔ ከዘሃራ ጎን ተጋደምኩ እንጂ ባል አልሆንኩም። እሷ ምንም አትልም፤ አለማለቷ ነው የሚገድለኝ። የምትቀርበኝ ከሆነ ትፈትነኛለች ብዬ እሸሻለሁ፤ የማትቀርበኝ ከሆነ ተስፋ ቆረጠች ብዬ እናደዳለሁ። በትንሽ በትልቁ ስጮህ ከረምኩ። አንድ ቀን እሷ ልብስ ስታጣጥፍ፣ «ገና ወጣት ነሽ። ልፍታሽና የሚሆንሽን አግቢ» አልኳት።

ያጣጠፈችውን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ሰው ሚስቱን የሚፈታው ተቆጥቶ ነው» አለችኝ። «አንተ ግን ፈርተህ ነው የምትለው። መፍራትህ ሲያልፍልህ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» ሸሚዙን አንስታ ማጣጠፏን ቀጠለች።

በማግስቱ እጄን ይዛ ዶክተር መላኩ ዘንድ ወሰደችኝ። እሳቸውም አፍረው አላሳፈሩንም። የተነካካ ነርቭ እንደሚተኛ፣ መንቃት አለመንቃቱን ለማወቅ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ፣ ፍርሃት ራሱ ደግሞ የነቃውን መልሶ እንደሚያስተኛ ነገሩን። «ጠብቁ፤ ስትጠብቁ ግን ተለያይታችሁ አይሁን» አሉን። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀችውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ታናሽ ወንድም ወይም እናት ወይም ባል ታሞባችሁ ሐኪሙ «ቤተሰብ ማነው?» ብሎ የሚጠራችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለበሽተኛው ብላችሁ እንደምትደብቁት አውቃለሁ። የሱፍን ክፉ ነው ብላችሁ እንዳታስቡት፤ በዚህ ምድር ላይ ከእሱ በላይ የወደደኝ የለም። ፍቅሩ ግን ሳይጠይቀኝ አካሌን አሳልፎ ሊሰጥብኝ ነበር። በሽተኛው ስለ ራሱ ሥጋ የሚመልሰው ነገር ሊኖረው ይችላል፤ እናንተ ልትገምቱት የማትችሉት። በፍርሃት እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይመልስ፣ ጠይቁት። እናንተም የታመማችሁ፣ እንደ እኔ አፋችሁን ዘግታችሁ አትክረሙ። ሐኪሙን ጠይቁ፤ ከወገብ በታች ያለውንም ቢሆን ጠይቁ። ሐፍረት ማንንም አላዳነም።

እኔ ካንሰሩ ይመለስብኛል እያልኩ በየቀጠሮው ፈርቻለሁ፤ አልተመለሰም። ልጅስ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ዘግይታ ብትመጣም አንዲት ሴት ልጅ አለችን፣ በየሱፍ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው ያደገችው። እኔ ግን ከሁሉም የማስታውሰው እሷ ከመምጣቷ በፊት የነበረች አንዲት ማለዳ ነው።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ሙስሊሞች ባልና ሚስት በመኝታ ከተገናኘን በኋላ ከሶላት በፊት ገላችንን ከራስ እስከ እግር መታጠብ አለብን፤ ውዱእ ብቻ አይበቃም። ግቢያችን ውስጥ በቆርቆሮ የተከለለ መታጠቢያ ነበር፣ አጠገቡ ቧንቧ። ከታመምኩ ወዲህ የሱፍ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ ሲነሳ የሚሰማው እኔ ፊቴንና እግሬን ቶሎ ቶሎ ስለቀለቅ ነው። ያን ቀን ማለዳ ግን ባልዲውን ሞላሁ። የመጀመሪያውን ጣሳ ውሃ አናቴ ላይ ሳፈሰው ብርዱ ትንፋሼን ቀጥ አደረገው። ሁለተኛውን ደገምኩ። ሦስተኛውን ደገምኩ። እየተንቀጠቀጥኩ እስቃለሁ፣ አፌን በእጄ አፍኛለሁ፤ ዘሃራ ውስጥ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

የየሱፍ በር ተከፈተ። ኮቴው እስከ ግቢው መሐል መጣና ቆመ። የሚወርደውን ውሃ ያዳምጣል። እኔም ጣሳውን እንደያዝኩ ደረቅሁ።  ከዚያ ኮቴው ተመለሰ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ብረት ሲጋጭ ሰማሁ፣ ቆይቶም ወደ ቆርቆሮው ተጠጋ።

«እንድሪስ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ውሃው ይቀዘቅዛል። ይኸን ደባልቅበት።»

በቆርቆሮው ሥር በኩል የፈላ ውሃ የሞላ ማንቆርቆሪያ አስገባ።  ስለ ምንም ነገር አልጠየቀኝም። ብቻ በቀስታ፣ «በል ፈጠን በል፣ ሶላቱ እንዳያልፈን» አለኝ።